ትኩስ የትንሽ ከተማ የፍቅር ልብወለድ፦ ከድሬ ሆነው ለሚጽፉ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኢንቦክሴ ውስጥ አንድ አይነት ጥያቄ በመቶ አይነት አነጋገር እየመጣ ስላስቸገረኝ ነው ይሄን አንድ ላይ የሰበሰብኩት። የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ነው፣ ቀን ሌላ ስራ አለኝ፣ ማታ ማታ ቴሌግራም ላይ በክፍል በክፍል የፍቅር ታሪክ እጽፋለሁ፣ ስድስት ዓመት ሆነኝ። ትኩስ ስል የመኝታ ቤት ትዕይንት ያለበት ማለቴ ነው። ሊቅ ነኝ አላልኩም፣ ግን ብዙ ስላበላሸሁ የት የት ጋ እንደሚበላሽ በደንብ አውቃለሁ።

የፍቅር ታሪክ ሁሉ ሮማንስ አይደለም እንዴ?

አይደለም። ሮማንስ እንደ ዘውግ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፣ የታሪኩ ግንድ የሁለቱ ሰዎች ፍቅር መሆን አለበት፣ መጨረሻው ደግሞ አንባቢን ደስ አሰኝቶ መሸኘት አለበት። በቃ። ትኩስ ይሁን ለዘብ ያለ፣ ከተማ ይሁን ገጠር የጸሐፊው ፈንታ ነው። ለዛ ነው በ1958 ዓ.ም. የታተመው ፍቅር እስከ መቃብር ያን የመሰለ ፍቅር ይዞ በዚህ ሚዛን ሮማንስ የማይባለው፣ ርዕሱ ራሱ ወዴት እንደሚወስዳችሁ ተናግሯል። እኛ ደግሞ በዛ አድገን ፍቅረኞቹን ካልቀበርን ቁምነገር የጻፍን አይመስለንም። አርባ ክፍል ሙሉ አስከትላችሁን መጨረሻ ላይ ልጅቷን መኪና ስታስገጯት አንባቢዋ የምታለቅሰው ከንዴት ነው፣ እመኑኝ፣ እኔም አልቅሻለሁ።

ውጪ ይሄ ነገር ትልቅ ንግድ ነው። ሚልስ ኤንድ ቡን የሚባለው የለንደን አሳታሚ እንደ ፈረንጆቹ በ1908 ተቋቋመ፣ የካናዳው ሃርለኩዊን በ1949፣ ከዛ በ1971 ሃርለኩዊን ሚልስ ኤንድ ቡንን ጠቅልሎ ገዛው። እንግዲህ አስቡት፣ ይሄን ሁሉ ዘመን አንባቢዋ ሁለቱ መጨረሻ ላይ አብረው እንደሚሆኑ እያወቀች ነው ብር አውጥታ የምትገዛው። ብሩን የምትከፍለው እንዴት አድርገው አብረው ይሆናሉ ለሚለው ነው።

ድሬ "ትንሽ ከተማ" ናት እንዴ?

ኧረ ተረጋጉ፣ እኔም መጀመሪያ ስሰማው ደሜ ፈልቶ ነበር። በዚህ ዘውግ ትንሽ ከተማ ሲባል የህዝብ ቁጥር ማንም አይቆጥርም፣ የሚቆጠረው የሚያይህ ሰው ያውቅሃል ወይስ አያውቅህም የሚለው ነው። አንድ ማታ ከከዚራ ባጃጅ ይዤ፣ ስልኬ ላይ አቀርቅሬ፣ የት እንደምወርድ እንኳን ሳልናገር ሹፌሩ እኛ በር ላይ ቀጥ አደረገልኝ። በምን አወቅክ ስለው "እናትሽን ቅዳሜ ቅዳሜ ከቀፊራ ገበያ የማመጣት እኔ አይደለሁ?" አለኝ፣ ሂሳብ እየመለሰልኝ ደግሞ "ዛሬ አመሸሽ" ብሎ ጨመረበት።

ያ ሰውዬ ብቻውን አስር ክፍል ያስጽፋል እኮ! አዲሳበባ ላይ ሁለት ሰው ታክሲ ውስጥ ቢተቃቀፉ የሚያያቸው የማያውቃቸው ሰው ነው፣ ከታክሲው ሲወርዱ ነገሩ አለቀ። ድሬ ላይ ግን ባጃጁ ውስጥ መስታወት አለ፣ መስታወቱ ውስጥ ዓይን አለ፣ ዓይኑ ደግሞ የእናትሽን አስቤዛ ተሸክሞ ያውቃል። ወሬው ልጅቷን ቀድሟት ቤት ይገባል። ስለዚ እዚህ ሆናችሁ ስትጽፉ ማንኛዋም ንክኪ ዋጋ ታስከፍላለች፣ ሴራ (ታሪኩን ወደፊት የሚገፋውን) ሴራ እያላችሁ ሌላ ቦታ አትፈልጉ፣ ከዛው ከንክኪዋ ነው የሚወጣው።

ሰፈሮቹንም ተጠቀሙባቸው። ከዚራ ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ሲመጣ ፈረንሳዮቹ ቀጥ ቀጥ አድርገው ያሰመሩት ሰፈር ነው፣ ዛፍ አለው፣ መንገዱ ቀጥ ስለሚል ከሩቅ ትታያላችሁ። መጋላ ደግሞ ጠመዝማዛ ነው፣ ድንገት ስትታጠፉ አፍንጫችሁ ከአክስታችሁ አፍንጫ ጋር ይገጥማል። መሃላቸው ደቻቱ የሚባል ወንዝ አለ፣ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ። አንዱን ከዚራ ሌላዋን መጋላ ብታደርጓቸው ለመገናኘት መሻገር ሊኖርባቸው ነው፣ መሻገር ደግሞ መታየት ነው፣ በነጻ የተሰጠ ሴራ።

ሐረር ደግሞ ይባስ። በግንብ የታጠረው ጀጎል ከጥንት አምስት በር ነበረው፣ በየበሩ ሁሌ የሚቀመጥ ሰው አይጠፋም፣ አንዳንዱ ጠባብ መንገድ ላይ ሁለት ሰው ትከሻውን ሳያዞር አይተላለፍም። በሐረሪ ቤት ውስጥ ደግሞ ኪርጣጥ የምትባል ትንሽ ክፍል አለች፣ በድሮው ልማድ አዲስ ሙሽሮች ከሰርጉ በኋላ የሚከርሙባት። ለሁለት ሰው ብቻ ክፍል ለይቶ ቤት የሰራ ህዝብ ጋ ተቀምጠን ሮማንስ የፈረንጅ ነው እንላለን፣ አይገርምም?

ሴራው ስንት ፐርሰንት፣ ትኩሳቱ ስንት ፐርሰንት ይሁን?

በጣም የሚበዛው ጥያቄ ይሄ ነው፣ ፐርሰንት የሚሰጣችሁን ሰው አትመኑት።

የኔን ጉድ ልንገራችሁ። ሁለተኛው ታሪኬ ላይ ሰው ትኩሱን ነው የሚፈልገው ብዬ ሰባት የመኝታ ቤት ትዕይንት ደረደርኩ። ላይክ ይዘንባል፣ እኔ ሰማይ ላይ ነኝ። አንድ ቀን ደክሞኝ ክፍል 14ን እና ክፍል 17ን አቀያይሬ ለቅቄ ተኛሁ። ጠዋት ስነሳ ደንግጬ ኮሜንት ከፈትኩ፣ አንድ ሰው አልነቃም። አንድ! "ዋው"፣ "እሳት"፣ "ቀጥይ"፣ እሱው ነው። ያኔ ነው የገባኝ፣ ሁለቱ ሰዎች ክፍል 14 ላይ የነበሩት ክፍል 17 ላይም እዛው ናቸው፣ መካከል ላይ ያደረጉት ሁሉ ምንም አልቀየረም፣ ታሪኩ ቆሞ እነሱ ብቻ ነበር የሚንቀሳቀሱት።

ከዛ ወዲህ እያንዳንዱን ትኩስ ትዕይንት ከመልቀቄ በፊት አንድ ነገር እጠይቀዋለሁ፣ ሲነጋ ምን ተቀየረ? አንዷ ያልነበራት ሚስጥር ኖራት ወይ? አንዱ የማይችለውን ቃል ገባ ወይ? የሆነ እቃ ከአንድ እጅ ወደ ሌላ እጅ ገባ ወይ? ሦስተኛው ታሪኬ ላይ ራሄልና ናስር መጀመሪያ አብረው ያደሩት ልብስ ስፌቱ ሱቅ ውስጥ ነው፣ ሲነጋጋ እሱ ተኝቶ እያለ የሱቁን ቁልፍ ይዛ ትወጣለች፣ ስርቆትም አይደለም ስጦታም አይደለም፣ ማታ "አንቺ ጋ ይሁን" ብሏት ነበር፣ እሱ በእንቅልፍ ልቡ ይሁን በልቡ አታውቅም። ያቺ ቁልፍ አስር ክፍል ተጓዘች። ትዕይንቱን ብታወጡት ቁልፏ ከየት እንደመጣች አይታወቅም፣ ታሪኩም ይፈርሳል። እንደዛ ሲሆን ትኩሱ እና ሴራው ተለይተው ስለማይታዩ ፐርሰንቱም ጥያቄ አይሆንም።

ምን ያህል ትኩስ ላድርገው?

እንደ ወጥ አስቡት። አልጫ አለ፣ ሲሳሳሙ በሩ ይዘጋና ጠዋት ቁርስ ላይ እናገኛቸዋለን። ቀይ ወጥ አለ፣ ክፍሉ ውስጥ አብረን እንገባለን ግን መብራቱ ደብዘዝ ያለ ነው። ሚጥሚጣ አለ፣ ምንም አይደበቅም። ሁሉም የራሱ በላተኛ አለው፣ አንዱ ከሌላው አይበልጥም። የሚያናድደው አልጫ ብለህ አቅርበህ መሃል ላይ ሚጥሚጣ ስትበትንበት ነው፣ ስለዚ ከመጀመሪያው ክፍል ጀምሮ አንባቢው ምን እንደሚበላ ይወቅ፣ ከላይ ዕድሜም ጻፉበት። እኔ ቀይ ወጥ ነኝ።

የአማርኛ ቃል ከየት ላምጣ? ወይ ስድብ ይሆንብኛል ወይ የጤና ጣቢያ ወረቀት።

ይሄ እውነተኛ ችግር ነው፣ የሁላችንም ነው። የአካሉን ስም እንደወረደ ከጻፍከው የሰፈር ልጆች ሲጣሉ የሚሉት ነገር ይሆናል፣ በጨዋ ከጻፍከው ደግሞ "የቤተሰብ ምጣኔ አገልግሎት በነጻ" የሚል ፖስተር ይመስላል። እኔ ካሰቃየኝ በኋላ የደረስኩበት ይሄ ነው፣ ስሙን ተዉት፣ ግሱን ያዙ። አማርኛ ስም ላይ ደሃ ቢሆን ግስ ላይ ባለጸጋ ነው፣ ዳሰሰ፣ ዳበሰ፣ ሳበ፣ ጠጋ አለ፣ ለቀቀ፣ መልሶ ያዘ። ገላ የሚል ቃል አለን ደግሞ፣ ከሱ የሚበልጥ ምን አለ። አንገት፣ ትንፋሽ፣ የእጅ አንጓ፣ ከጆሮ ኋላ፣ በነዚህ ብቻ አንድ ሌሊት ይነጋል። መኃልየ መኃልይን ሂዱና አንብቡ፣ ስምንት ምዕራፍ ናት፣ ወይንና ሮማን ከርቤም እያለች የምትለውን ሁሉ ትላለች፣ የማይገባው ሰው ደግሞ የለም።

ቋንቋችን በነጻ የሰጠን ሁለት ነገር አለ፣ ብዙ ሰው አይጠቀምበትም። አንደኛው ግሱ መጨረሻ ላይ መምጣቱ ነው። "እጁን ከትከሻዋ ላይ ቀስ ብሎ..." አንባቢዋ እጁ የት እንደሚሄድ አታውቅም፣ አነሳ ሊሆን ይችላል፣ አወረደ ሊሆን ይችላል፣ እስከ መጨረሻዋ ቃል ድረስ ትንፋሿን ይዛ ትጠብቃለች። አረፍተ ነገሩ ራሱ እያጓጓ ነው፣ እናንተ "በድንገት" ምናምን እያላችሁ አታበላሹት። ሁለተኛው አንቱታ ነው። ስምንት ክፍል ሙሉ "እርስዎ" ስትለው የቆየች ሴት አንድ ማታ በር ላይ "ቆይ፣ አትሂድ" ካለችው እኔ እንጃ፣ ከዛ በላይ ልብስ ማውለቅ አለ? ይሄን በእንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰው በሁለት ገጽ አይጽፈውም።

በተረፈ "በፍቅር ባህር ሰጠሙ" የምትሉ ሰዎች እባካችሁ፣ ድሬ ላይ ምን ባህር አይታችሁ ነው። ሰዎቹ እንደ ድሬ ሰው ያውሩ። ድሬ ላይ አማርኛው ኦሮምኛና ሶማሊኛ ተቀላቅሎበት ነው የሚወራው፣ ወላሂ ለማለት ሃይማኖት አይጠየቅም፣ አቦ የማይል ደግሞ እንግዳ ነው። ሲናደድ በእናቱ ቋንቋ የሚሳደብ ልጅ ሲወድም በሷው ይወዳል፣ ይቺን ያዙልኝ።

በምሳሌ ብታሳዪንስ?

እሺ፣ ከራሴው። ቦታው ሐረር ነው፣ መኪና ግርግር፣ ጀጎል ውስጥ ልብስ ሰፊዎቹ በረድፍ የሚቀመጡበት መንገድ፣ ስሙ ራሱ ከስፌት መኪናዎቹ ድምፅ የመጣ ነው። ራሄል ከድሬ ቀሚስ ልታሰፋ መጥታለች። ናስር ሰፊው ነው፣ ልጁ ረዳቱ።

"ልክ አምጥተሻል?" አላት ናስር ቀና ሳይል።
ከፌስታሉ ውስጥ አሮጌውን ቀሚስ አውጥታ ሰጠችው። ትናንት ለብሳው ውላለች፣ ሌላ ልኳ የሆነ አልነበራትም። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋውና መጨማደዱን ሊያስተካክል በመዳፉ ከትከሻው ጀምሮ ቀስ እያለ ወረደ። ወገቡ ጋ ሲደርስ ቆመ። ጨርቁ እዛ ጋ ቀበቶዋ ሸብሽቦት ነበር፣ እጥፋቱን በአውራ ጣቱ አንድ በአንድ ፈታው። ራሄል ሳታውቀው እጇን የራሷ ወገብ ላይ አደረገች።
"ትከሻ 40" አለ። ልጁ ደብተሩ ላይ ጻፈ።
"ወገብ 72።"
ሜትሩን እስከ ጫፉ ዘረጋ። መንገዱ ሙሉ እየሰፋ ነው፣ እዚህ ግን ዝም ብሏል።
"ቁመቱስ?" አለ ልጁ።
"ወገብ 72።"
"እሱንማ ብለኸኛል" አለ ልጁ፣ ቀና ብሎ አንዴ እሱን አንዴ እሷን እያየ።

ማንም ማንንም አልነካም። እሷን እንኳን አላያትም፣ የነካው ጨርቅ ነው። ግን ይሄን ክፍል በለቀቅኩ ማታ ከሰባቱ የመኝታ ቤት ትዕይንቶች ያላገኘሁትን አይነት መልእክት ነው ያገኘሁት፣ አንዷ "ከዛሬ ጀምሮ ልክ ይዤ አልሄድም" ብላ ጽፋልኛለች። አሁን ልጁን እዩት ደግሞ። ልጁ የራሄል አክስት ግቢ ውስጥ ተከራይቶ የሚኖር ነው፣ ደብተሩ ላይ 72 ሁለት ጊዜ ተጽፏል፣ ማታ አክስትየው ጋ ቡና ላይ እየሳቀ ያወራዋል። ያ ክፍል ትኩስ ነው ሴራ ነው? እኔ አልለየውም።

መጀመሪያ የሚሳሳሙት ክፍል ስንት ላይ ይሁን? አንባቢ "መቼ ነው" እያለ ገደለኝ።

ይጠይቃ! መጠየቁ ስራችሁ እየሰራ መሆኑን ነው የሚያሳየው። ክፍል 3 ላይ ካሳሳማችኋቸው እስከ ክፍል 40 የምትበሉት ስንቅ የላችሁም። በሌላ በኩል ደግሞ ልክ ሊሳሳሙ ሲሉ ስልክ የሚጠራባቸው ነገር ከሁለት ጊዜ በላይ አይሰራም፣ ሦስተኛው ላይ አንባቢው ስልኩን ሊሰብረው ይፈልጋል። የሚያስቆማቸው ከውስጣቸው ቢሆን ይሻላል፣ ፍርሃት፣ ያልተነገረ ውሸት፣ ለሌላ ሰው የተገባ ቃል።

"100 ላይክ ሲሞላ ይቀጥላል" የምትሉትን ነገር ግን አልወደውም፣ አንባቢን ማስያዣ አታድርጉ።

ድሬ ሞቃት ናት፣ ሙቀቱን ለፍቅሩ ብጠቀመውስ?

ሁሉም ጀማሪ የሚጽፋት መስመር አለች፣ "እንደ ድሬ ጸሐይ የሚያቃጥል ፍቅር"። እኔም ጽፌያታለሁ፣ አምላክ ይቅር ይበለኝ። እዚህ የኖረ ሰው ግን ግንቦት ላይ እቅፍ ይቅርና የሚጠጋው ሰው እንኳን እንደማይፈልግ ያውቃል፣ ላብ ነው፣ መጠጋጋቱ ራሱ ያናድዳል። እውነተኛውን ሙቀት ነው መጻፍ ያለባችሁ። ቀትር ላይ ሱቆቹ ይዘጋሉ፣ ከተማው ይተኛል፣ መንገዱ ባዶ ይሆናል፣ ማንም የማያይበት ሰዓት ካለ ያ ነው፣ ግን ደግሞ ባዶ መንገድ ላይ የሚሄድ አንድ ሰው ከሁሉ በላይ ይታያል። ማታ ሰው ፍራሽ አውጥቶ ግቢ ውስጥ ይተኛል፣ ፍቅረኞቹ የት ይሂዱ እንግዲህ?

ቬንትሌተርን ደግሞ አትርሱ። ቬንትሌተሩ ሲዞር ድምፁ ሹክሹክታን ይሸፍናል፣ ሁለት ሰው ክፍሉ ውስጥ የፈለገውን ያወራል። ከዛ መብራት ይሄዳል። ቬንትሌተሩ ቀስ እያለ፣ ቀስ እያለ ይቆማል፣ ግቢው በሙሉ ጸጥ ይላል፣ ከግድግዳው ወዲያ ጎረቤት ሲያስል ይሰማል። የሱ ሳል ለነሱ ተሰማ ማለት ደግሞ የነሱም ወሬ ለሱ ይሰማል ማለት ነው። እሷ አረፍተ ነገሯን አልጨረሰችም ነበር። ይሄን አንድ ቀን በደንብ እጽፈዋለሁ፣ ከቀደማችሁኝም ውሰዱት።

ባቡር ጣቢያውን እና ደቻቱን እንዴት ላስገባ?

ጣቢያው ላይ ዓመተ ምህረታችሁን ተጠንቀቁ። ለገሃሬ ያለው የድሮው ጣቢያ ለድሮ ታሪክ አሪፍ ነው፣ ዛሬ ግን አዲሳበባ የሚወስደው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ነው፣ ጣቢያውም ከከተማው ወጣ ብሎ ነው ያለው። የዛሬ ልጅ ለገሃሬ ቆማ መሃረብ የምታውለበልብ ከሆነ የድሬ አንባቢ እዛው ጋ ይዘጋባችኋል።

ደቻቱን በተመለከተ የማልደራደርበት ነገር አለ። ሐምሌ 1998 መጨረሻ ላይ ሌሊት ጎርፉ ሲመጣ ከ200 በላይ ሰው ነው የሞተው። ብዙ ሰው ታሪኩን "ጎርፉ ለያያቸው፣ ከዛ ድልድዩ ላይ ተገናኙ" እያለ ይልክልኛል። ያን ሌሊት ወንድሙን ያጣ ሰው ያነባችኋል። አስተዛዝናችሁ ለመሳሳሚያ ሰበብ አታድርጉት። የአሸዋው መንገድ፣ ክረምት ላይ ደመና አይቶ ለመሻገር የሚያመነታ ሰው፣ ይሄ ይበቃል።

ሃይማኖታቸው ወይ ብሄራቸው ቢለያይስ?

ድሬ ላይ ይሄ የዕለት ኑሮ ነው፣ ስለዚ እንደ ቅመም ብቻ አትበትኑት፣ ካነሳችሁት እስከ መጨረሻው ተሸከሙት። ራሄልና ናስር ላይ እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ከትኩሱ ይልቅ ይሄ ነው። ክፍል 31 ላይ ማን ወደ ማን ይሂድ የሚል ጭቅጭቅ ኮሜንቱን ሞላው፣ ሁለቱም ወገን እኔን ሊወግረኝ ነበር። መጨረሻ ላይ የሆነው ማንም ወደማንም አልሄደም፣ በክብር መዝገብ ሹም ፊት ተጋቡ። የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ እሱንም፣ የሃይማኖቱንም፣ የባህሉንም ጋብቻ ይቀበላል። ግን ሁለቱንም ቤተሰብ ጥሩ ክፉ አድርጌ አልከፈልኳቸውም፣ የሱ እናት የምትፈራው ነገር አላት፣ የሷ አባትም የሚፈራው አለው፣ ሁለቱም ፍርሃት ከፍቅር የመጣ ነው። ሰርጉ ላይ ሳይመጡ የቀሩ ሰዎች ነበሩ። መጨረሻው ደስ ይበል ተባለ እንጂ ሁሉም ሰው ደስ ይበለው አልተባለም።

ወንዱ ትንሽ ኃይለኛ ቢሆን አይሞቅም?

አይሞቅም። "እምቢ ስትል እሺ ማለቷ ነው" የሚለው ነገር ስንት ታሪክ እንዳበላሸ። ጠለፋ ሮማንስ አይደለም፣ ወንጀል ነው። ተጠልፋ ከዛ የወደደችው የሚል ታሪክ እንዳትልኩልኝ፣ ሳላነብ ነው የምሰርዘው። እና ደግሞ በጽሑፍ ስራነቱም ደካማ ነው፣ ምርጫ የሌላት ሴት ምን ሴራ አላት? "ልንካሽ?" ብሎ የሚጠይቅ ወንድ እና መልሷን ሳትሰጠው መብራቱን የምታጠፋ ሴት ይበልጡብኛል። ሁሉም ሰው ከ18 በላይ መሆኑ ደግሞ ጥርት ብሎ ይታወቅ፣ "የአስራ ምናምን ልጅ" የሚል ነገር አይኑር።

ሕጉስ? ያስጠይቃል?

የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ስለ ጸያፍ ጽሑፍ አንቀጽ አለው፣ 640። ልታሳትሙ ካሰባችሁ አንብቡት፣ የሕግ ሰውም ጠይቁ፣ እኔ አይደለሁም።

ሰው "ስለ እኔ ነው የጻፍሽው" ቢለኝስ?

ይላል። የመጀመሪያው ታሪኬ ላይ የባለታሪኳን በር አረንጓዴ አድርጌ፣ በሩ ላይ ደግሞ የተሰበረ ደወል አድርጌ ጻፍኩ። እውነት ለመናገር በሩ የጎረቤታችን ነው፣ በሩ ብቻ! ሴትየዋ የኔ ባለታሪክ ያደረገችውን አንዱንም አላደረገችም፣ ስድሳ ዓመቷ ነው። ግን የልጅ ልጇ አነበበላት። ሦስት ወር ቡና ሳትጠራን፣ እኛ ስንጠራም ሳትመጣ ቀረች። እናቴ ደግሞ ምን እንደተፈጠረ አታውቅም፣ "ምን አድርገናት ይሆን" እያለች ትብሰለሰላለች፣ እኔ እዛው ተቀምጬ ስልኬን እነካካለሁ። በኋላ ሄጄ እግሯ ላይ ወድቄ ተናዘዝኩ። "በሩን ለምን ሰማያዊ አላልሽውም ነበር?" አለችኝ፣ እሷን ያናደዳት እሱ ነው።

እና በሩን ሰማያዊ በሉት። አንድ ሰው ላይ ከአንድ ነገር በላይ አትውሰዱ፣ ከአንዷ አነጋገሯን፣ ከሌላው አረማመዱን፣ ከሦስተኛዋ በሯን፣ በሩንም ቀለም ቀየር አድርጉት። የብዕር ስም ያዙ፣ ግን የብዕር ስም ድሬ ላይ ሁለት ወር ነው የሚቆየው፣ ባጃጅ ነጂውን አስታውሱ።

ስንት ሰዓት ላይ ልልቀቀው?

ሌላ ከተማ ማታ ነው ይላሉ። እዚህ ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ግድም ነው፣ በርጫው ሲሞቅ። አንዱ ስልኩን ይዞ ጮክ ብሎ ያነባል ሌላው ያዳምጣል፣ ስለዚ የምትጽፉት በጆሮ የሚሰማ ይሁን፣ ረጅም ከሆነ መሃሉ ላይ መተንፈሻ ይኑረው። አንድ ቀን የአክስቴ ልጅ ቤት ሄጄ እንደዚህ ሲያነቡኝ ደረስኩ፣ ጸሐፊዋ እኔ መሆኔን የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው። የምታነበው ልጅ ሱቁ ውስጥ ያደሩበት ክፍል ላይ ስትደርስ ጥግ ላይ የተቀመጡትን ጋሼ አየችና አፈረች፣ "ይሄን እንዝለለው" ብላ ወደሚቀጥለው ክፍል አለፈች። እኔ ሻዬን ይዤ ዝም። ሁለት ደቂቃ አልሞላም፣ ራሄል የሱቁን በር ከፍታ ስትገባ ጋሼ አስቆሟት። "ቆይ ቆይ፣ ቁልፉን ከየት አመጣችው?" ማንም መልስ የለውም። ልጅቷ ስልኩን እያገላበጠች፣ ፊቷ እየቀላ፣ ወደ ኋላ ተመለሰች።